ዱዎት ስታዲየም የገባበት ቀን

ባሮ ዳር ወርዳችሁ "ዓሣ የሚሸጠው ረጅሙ ሰውዬ የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ዱዎትን አታገኙትም፤ እዚያ ያልረዘመ ማን አለ? "ሬዲዮ ያለው" በሉ። ያኔ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች በአገጫቸው ይጠቁሟችኋል። ሬዲዮኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ጀልባው ውስጥ ያኖረዋል፤ መረብ ጥሎ ሲጠብቅ ኳስ ይሰማል። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስታዲየሙን ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ጥላ ፎቅ እነማን እንደሚቀመጡ፣ ካታንጋ መቼ እንደሚንጫጫ፣ ሚስማር ተራ ያለው ሰው ዝናብ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ሲያወራ ብትሰሙት እዚያው የተወለደ ይመስላችኋል።

እኔ አብኔር እባላለሁ፤ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ከደምቢዶሎ ወርደው ጋምቤላ ገበያ ጨው ሲሸጡ ነው የወለዱኝ። ስለዚህ ሙቀቱም የእኔ ነው፣ ወባውም የእኔ ነው፣ ኑዌርኛውንም አኙዋክኛውንም ከሰፈር ልጆች ጋር ስደባደብ ነው የተማርኩት። ትዕግሥት የሚባለው ነገር ሲታደል ግን እኔ አልነበርኩም። የዱዎትን ነገር ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ ተቆጥቼባችሁ አይደለም፤ አንጀቴ ስላረረ ነው።

ዱዎት ጋምቤላ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ከጂካዎ በኩል ነው፣ ታላቅ ወንድሙን ሬአትን ተከትሎ። ሬአት ገበያ ውስጥ ጭነት ያወርድ ነበር። አማርኛ ያስተማረው ሬአት ነው፤ መረብ መጠገን ያሳየው ሬአት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ከበሮ ያስያዘውም ሬአት ነው። እስካሁን ድረስ ዱዎት አፉን ከከፈተ "ሬአት እንዲህ ይል ነበር" ሳይል አይዘጋም። ታዲያ ሬአት ኛኩዋትን አገባ። የቤተሰቡ ከብት በሙሉ ጥሎሽ ሆኖ ለእሷ ተነዳ። ሰርጉ ያለፈበት ክረምት ሳይወጣ ወባ ያዘው፤ ልጅ ሳይወልድ ሞተ።

እንግዲህ የኑዌርን ወግ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰው ልጅ ሳይተካ ከሞተ ስሙ ሜዳ ላይ አይቀርም። ከብት የተሰጠባት ሚስቱ የእሱ ሚስት ሆና ትኖራለች። ወንድሙ ቤቷ ይገባል፤ ልጅ ይወለዳል፤ ልጁም የሟቹ ነው። "እንደ ሟቹ ልጅ ይቆጠራል" እያልኩ አይደለም፤ የሟቹ ነው፣ አለቀ! ዱዎትም ገባ። መጀመሪያ ኛሉዋክ ተወለደች፣ ከዚያ ሁለት ወንዶች። ሦስቱም በአባት ስማቸው ሬአት ናቸው። ኛሉዋክ ለትምህርት ቤት ወረቀት ሲያስፈልጋት የቀበሌው ጸሐፊ ሳያቅማማ "ኛሉዋክ ሬአት" ብሎ ጻፈላት፤ የሬአት ቀብር ላይ አልቅሶ የነበረ ሰው ነው። ጋምቤላ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም። የሚያስገርመው የለም።

አንዴ ዱዎትን "ለራስህስ አታገባም?" ብዬው ነበር። ሳቀ። "በምን ከብት? ዓሣ ተሸክሜ ሄጄ ልጅቷን ስጡኝ ልበል?" አለኝ። ከዚያ መረቡን እያራገፈ "ሬአት ስም አለው። ይበቃል" አለ። ይብቃው አይብቃው እኔ በልቡ አልገባሁም። ብቻ በዱዎት ስም የሚጠራ ልጅ በምድር ላይ የለም። ኛሉዋክ ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ግን በር ላይ ቆሞ ሲያድር አይቼዋለሁ። ዘበኛው ቁጭ በል ቢለው እምቢ ብሎ ነበር።

ኛሉዋክን ዝላይ አስተማርኳት ብዬ አልዋሽም፤ ራሷ ናት የጀመረችው። ዱዎት መረቡን ባሮ ዳር አሸዋው ላይ በሁለት እንጨት መሃል ዘርግቶ ያደርቃል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያልፋል። እሷ አትዞርም! ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተንደርድራ፣ በላዩ ታልፋለች፤ ከዚያ ዞራ መጥታ ጀሪካኗን ታነሣለች። ምን የሚሉት ሥራ ነው? አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የመረቡ ጫፍ ደረቴ ጋ ይደርሳል።

"ማን ናት ይቺ?" አልኩ።

"የሬአት ልጅ ናት" አለኝ ዱዎት በኩራት። "በልጅነቷም እንዲህ ናት። ፍየል ናት በላት።"

ከዚያ ወዲያ ፍራሽ የለን፣ የዝላይ ብረት መስቀያ የለን፣ በሁለት የኒም ዛፍ መሃል ገመድ አስረን ስናዘልላት ከረምን። ዱዎት ጠዋት ጠዋት ከመረቡ በፊት አሸዋውን በአካፋ እየገለበጠ ያለሰልስላታል። ሴቶቹ "ዱዎት፣ አሁን ደግሞ በቆሎ ልትዘራ ነው?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ አይሰማቸውም። ገመዱን አንድ ጣት ከፍ ባደረግን ቁጥር ከእኔ የበለጠ የሚጮኸው እሱ ነበር።

ታዲያ የክልል ማጣሪያ ውድድር መጣ፤ ኛሉዋክ አለፈች። አዲስ አበባ የወጣቶች ውድድር አለ ተባለ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች። ነገሩ ይሄ ነው፦ በከፍታ ዝላይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ የሆነች ልጅ ማሰልጠኛ ማዕከል ትገባለች፤ ምግቧ፣ መኝታዋ፣ ትምህርቷ እዚያው። ኛሉዋክ አሥራ ሰባት ናት። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። ስለዚህ አሁን ነው ወይም ጨርሶ የለም። እናቷ ኛኩዋት "ብቻዋን አልልካትም" አለች። ዱዎት አብሮ ይሂድ ተባለ። በዚያች ሌሊት የተኛ አይመስለኝም።

በአውቶቡስ ተንገላተን አዲስ አበባ ደረስን። ብርዱን ተዉት። ዱዎት ከለገሀር በኩል ስታዲየሙን ከሩቅ ሲያይ ቆመ፤ ሰው እየገፋው እንኳ አልነቃነቅ አለ። ከሥሩ ማሊያና ጫማ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ እድሳት ላይ ነው፤ አሸዋና ሲሚንቶ ተከምሯል። ያልታደሰው ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፣ ብረቱ ዝጓል፣ ቀለሙ ተልጧል።

ገባን። መጀመሪያ የጠየቀው "ካታንጋ የቱ ጋ ነው?" ብሎ ነው። ጥበቃው በእጁ አሳየው። ዱዎት ሄዶ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ፤ በስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል። ግራ ቀኝ አየ። ሲሚንቶውን በመዳፉ ዳበሰው።

"ይሄ ነው?" አለኝ።

"ይሄ ነው።"

"በሬዲዮ ትልቅ ነበር" አለ። ከዚያ ግን ፊቱ በራ፣ "ቢሆንም ገብቻለሁ! ሬአት ቢያይ!" ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ኛሉዋክ እሱንም እኔንም ትታ ሜዳው ላይ የተነጠፈውን ወፍራም ፍራሽ ነበር የምታየው። እንዲህ ያለ ፍራሽ አይታ አታውቅም። "ቲቸር፣ እዚህ ላይ ነው የምንወድቀው?" አለችኝ። "አዎ" ስላት "ታዲያ ምን ያስፈራል?" አለች።

የዕድሜ ማጣሪያው ከመቀመጫው ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬና የምትጽፍ ሴት አሉ። ሰውዬው ኛሉዋክን ከእግሯ ጀምረው ወደ ላይ አዩአት፤ ፊቷ ጋ ለመድረስ አንገታቸውን ማቅናት ነበረባቸው።

"አሥራ ሰባት?" አሉ፤ ፈገግ አሉ።

"እኛ ጋ ልጅ እንዲህ ነው" አልኩ።

"እዚህ የመጣ አሰልጣኝ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ መምህር። ቤተሰብ አብሯት መጥቷል?"

ዱዎት ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ እጁን አወጣ።

"እርስዎ ምኗ ነዎት?"

"አባቷ ሬአት ነው" አለ ዱዎት። "ሞቷል። እኔ የሬአት ወንድም ነኝ። ዱዎት።"

"ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?"

በዚህች ቅጽበት ነው የገባኝ። ወይ ፍርጃ! በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እሱ ደግሞ እግሩን ወደ ታች አይቶ፣ ጮክ ብሎ "ምነው ቲቸር?" አለኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ!

"ቆይቷል" አለ ዱዎት ወደ ሰውዬው ዞሮ። "ሃያ ዓመት አለፈ።"

የሴትዮዋ እስክሪብቶ ቆመ። ሰውዬው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። "አባትየው ከሞቱ ሃያ ዓመት ካለፈ፣ ልጅቷ እንዴት አሥራ ሰባት ትሆናለች? ሃያ ሞልቷታል ማለት ነው።"

"አይ፣ አይ" አለ ዱዎት። ነገሩን ያቀለለላቸው መስሎት ፈገግ ብሎ "ከሞተ በኋላ ነው የተወለደችው" አላቸው።

ከዚያ በኋላ እኔ አበድኩ ብላችሁ ተዉት። ወጉን ከእግር እስከ ራሱ አስረዳኋቸው። ከብቱን፣ ሰርጉን፣ ወባውን፣ የወንድምን ግዴታ፣ ሁሉንም። ሰውዬው አላቋረጡኝም፤ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ሲሰድቡኝ ነው የሚሻለኝ።

"መምህር" አሉ፣ "ወጋችሁን አልናቅሁም። ግን ይቺ ወንበር ላይ ስንት ነገር ሰምቻለሁ መሰለህ? በእንዲህ ያለ ታሪክ ስንት ጢም ያወጣ ሰው ከሕፃናት ጋር ተወዳድሮ ሜዳልያ ወስዷል። የተቀሙት ልጆችስ? እነሱም እናት አላቸው።"

ልክ ናቸው። ደሜን ያፈላው ልክ መሆናቸው ነው። መጥፎ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የምይዘው ነገር አገኝ ነበር።

"ለእናትየው ልደውል" አልኩ። ስልኩ እስኪገባ ድረስ ስንቴ ተቋረጠ። በመጨረሻ ኛኩዋት አነሣች፤ ገበያ ውስጥ ነበረች፣ ጫጫታው ክፍሏን ሞላት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሰውዬው ሰጠኋቸው።

"የኛሉዋክ እናት ነዎት?"

"እናቷ ነኝ። ልጄ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት፤ አይጨነቁ። አባቷ ማን ነው?"

በሆዴ "ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ" እያልኩ ነበር።

"አባቷ ሬአት ነው" አለች። "ሌላ ማን አለ? ሌላ አለ ያለው ማን ነው?"

"ዱዎት የሚባሉትስ?"

"ዱዎት የሬአት ወንድም ነው። ጥሩ ሰው ነው።"

መስመሩ ተቋረጠ። ሰውዬው ስልኬን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኛኩዋት አልዋሸችም። ዱዎት አልዋሸም። ሰውዬውም ሥራቸውን ነው የሠሩት። ሁሉም እውነት ተናግሮ ልጅቷ ልትወጣ ነው!

ኛሉዋክ በሩ ላይ ቆማለች። ቁጥሯን በልብሷ ላይ ለመስፋት የተሰጣትን መርፌና ክር በእጇ ይዛለች። ዱዎት አንዴ እሷን አየ፤ አንዴ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየ። ከወንበሩ ተነሣ። ሲነሣ ራሱ ከአምፖሉ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

"የወለድኳት እኔ ነኝ" አለ።

"ምን አሉ?"

"እኔ። ሬአት አይደለም። ያኔ ሬአት አፈር ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የወለድኳት። የእኔ ልጅ ናት።"

ይህን ቃል ከዱዎት አፍ የሰማ ሰው ጋምቤላ ውስጥ የለም። ቢኖር እዚያው ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ጉድ ተብሎ፣ ከብት ተጠይቆበት ነበር። ወንድምን ሁለተኛ መቅበር ነው እኮ! ግን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ "የእኔ ልጅ ናት" ሲል ድምፁ ሌላ ሆነብኝ፤ ሰው ለረጅም ጊዜ የያዘውን ሸክም ሲያወርድ እንደሚለው "እህ" ያለ ነገር ነበረበት።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። "አሁን ደግሞ አንተ ሆንክ?" አሉት። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። "ቅድም የወንድሜ ልጅ ናት አልክ። እናትየዋም በስልክ ያንኑ ነገረችኝ። ለልጅቷ ብለህ መሆኑ ይገባኛል ወንድሜ፤ እኔም ልጅ አለኝ። ግን እንዲህ አይዋሽም።"

"አልዋሸም! አልዋሸም እኮ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። "ደም መርምሩ! የሱንም የሷንም ውሰዱና መርምሩ!"

"ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው መምህር። አቤቱታ ማቅረብ ትችላለህ፤ ከውድድሩ በኋላ ይታያል።"

"ከውድድሩ በኋላ ምን ያደርግላታል? ለዓመቱ ዕድሜዋ ያልፋል!"

"እሱን አውቃለሁ" አሉ፤ በእውነት የከፋቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋን "የሚቀጥለውን ጥሪልኝ" አሏት። እኔ አሁንም እየጮህኩ ነው፤ ምን እንደምል ራሴም አልሰማም። ጥበቃው መጥቶ በትሕትና ክንዴን ያዘኝ። ዱዎት ደግሞ እዚያው ቆሟል። ቢያንስ ይናደዳል፣ ይሳደባል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጁን ዘርግቶ ሰውዬውን ጨበጣቸውና "እሺ" ብሎ ወጣ። ሌላ ምን ያድርግ? እሺ ሊባል የማይገባው ነገር ነበር፤ እሺ አለ።

ወጥተን ከመቀመጫዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጥን። ሜዳው ላይ የሌላ ክልል ልጆች ይሞክራሉ። አንዷ ተንደርድራ መጥታ ብረቱን ነካችው፤ ብረቱም ወደቀ። ኛሉዋክ መረቡን ስታልፍ ከዚያ እጥፍ ነው የምትዘለው፣ በእግዜር! ሰው ይዤ ላሳይ፣ ለማን ላሳይ? እጆቼን የማደርግበት ቦታ ጠፋኝ። እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምጮኽበት ሰው አላጣም።

ዞር ስል ኛሉዋክ እያለቀሰች ነው። ድምፅ የለውም፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። "አይዞሽ" አልኳት። "ጎበዝ ነሽ፤ ሌላ ውድድር አይጠፋም፤ ለትልልቆቹ እናዘጋጅሻለን።" የማላምነውን ነበር የምቀባጥረው። እሷ ግን የእኔን ወሬ አልሰማችውም። ስለ ዝላዩ አልነበረም የምታለቅሰው።

"ዱዎት" አለችው በኑዌርኛ። "እዚያ ውስጥ ያልከውን ለእናቴ አትነግራትም፣ አይደል?"

"አልነግራትም።"

"ለወንድሞቼም?"

"ለእነሱም አልነግርም።"

ኛሉዋክ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ "እኔ የሬአት ልጅ ነኝ" አለች። ስትናገር ተንተባተበች፤ እንዲህ ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

ዱዎት ወደ እሷ አልዞረም። ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ከፍራሹ ሳያነሣ፣ "አዎ" አላት። "የሬአት ልጅ ነሽ። እኔ ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት።"